ከቤቷ ሃያ አምስት ደቂቃ ርቃ ዕረፍት የወጣችው ማርቫ

ጎረቤቶቼ ሁሉ «አሜሪካ ምን ልትሠሪ ነው?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነበር፤ «ወንድሜን ልጠይቅ።» ከዚያ በላይ የጠየቀኝ የለም። «ላርፍ ነው» ብል ኖሮ ግን ወይ ታማለች ይባል ነበር፣ ወይ ሀብት አግኝታለች። አዳማ ስኖር ዘመድ ወደሌለበት አገር ለመዝናናት ብሎ የሚሄድ ሰው ያየሁት ፈረንጅ ሲሆን ብቻ ነው። እኔም ብሆን በየክረምቱ አሰላ እኅቴ ቤት እሄድና ሽንኩርት ስልጥ፣ ለቅሶ ስደርስ፣ የእኅቴን ልጆች ስቆጣ ከርሜ እመለሳለሁ። ይህንንም ሳላፍር ዕረፍት እለው ነበር።

ጡረታ በወጣሁበት በ2010 ዓ.ም. ክረምት ግን ዮናስ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ቲኬት ላከልኝና ሄድኩ። ስለ መንትያዎቹ ከተሞች፣ ስለ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ሐይቆችና ፎቆች ማንበብ የፈለገ ሰው ከእኔ ብዙ አያገኝም። ከሐይቁ ይልቅ የሰው ሳሎን ነው ያየሁት።

ቅዳሜ

መሃል ላይ አንድ ጊዜ አውሮፕላን ቀይሬ፣ ጉዞው አንድ ቀን ያህል ፈጀብኝ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ስላለኝ አሜሪካን የረገጥኩት በነጠላ ጫማ ነው። ሁለቱም ሻንጣዎቼ በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በበሶና በዳቦ ቆሎ ተሞልተዋል፤ ለራሴ የያዝኩት ሦስት ቀሚስ ነበር። ኤርፖርት ላይ አንዱ ሠራተኛ በሶውን ከፍቶ አሸተተ፣ ጓደኛውን ጠርቶ አስሸተተ፣ ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ። «ቁርስ ነው» አልኳቸው። ሳቁና አሳለፉኝ።

ዮናስ ከአሥር ዓመት ልጁ ከሊያ ጋር በር ላይ ጠበቀኝ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱም ቀድሞት ይሄዳል።

«እትዬ! ምንም አልተለወጥሽም!» አለኝ እያቀፈኝ።

«አንተ ለሁለታችንም ተለውጠሃል» አልኩት።

የሚኖሩት ከከተሞቹ ወጣ ብላ ባለችው ቡርንስቪል ነው፤ ከኤርፖርቱ ሩብ ሰዓት ቢነዳ ነው። መንገዱ ሰፊና ንጹሕ ሆኖ ሰው አይታይበትም። እኛ ዘንድ መንገድ እንዲህ ባዶ የሚሆነው ባለሥልጣን ሊያልፍ ሲል ስለሆነ፣ ማን ሊመጣ ነው ብዬ ዘወር ዘወር አልኩ።

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችልን የዮናስ ሚስት ማርቫ ናት። የተወለደችው ግሬናዳ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ነው። ጂኦግራፊ ሳስተምር ካርታው ላይ ግሬናዳን በጠመኔዬ ጫፍ ሸፍኜ አሳይ ነበርና፣ ከዚያች ነጥብ እንዲህ ረጅምና ሳቂታ ሴት ትወጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። አቅፋ ሳመችኝ፤ ጫማዬን አይታ ወዲያው ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አቀረበች። ራት በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝና ቀይ ባቄላ ከዶሮ ጋር ነበር። ሩዙ ጣፈጥ ይላል፤ መጀመሪያ ተጠራጠርኩት፣ ኋላ ደገምኩት።

በሩ ሥር አንዲት ትንሽ ቀይ ሻንጣ ቆማለች፤ ላይዋ ላይ ሰፊ የፀሐይ ባርኔጣ ተቀምጧል። «የምትሄጂበት ቦታ አለ እንዴ?» አልኳት በዚያች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ። ማርቫ ዮናስን አየችው። ዮናስ ፍሪጁን አየ። እኔም ድካም ስለነበረብኝ ነገሩን ተውኩት።

እሑድ

ዮናስ የአማርኛ ቸርች አባል ነው። ከአምልኮው በኋላ «ከአገር ቤት እኅታችን መጥታለች» ተብሎ ተነገረና አለቀ፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። ከኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ድረስ ድስት ይዘው የመጡ ነበሩ። የዚያን ዓመት የአገራችን ወሬ የታወቀ ነው፤ ሁሉም እንደ ሚኒስትር ከበው ያወያዩኝ ጀመር። ከአዳማ ውጭ የማውቀው እንደሌለ ብናገርም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ማርቫ አማርኛ አትችልም። ያን ሁሉ ሰዓት ብርጭቆ ስታጥብ፣ ወንበር ስታቀብል፣ ፈገግ ስትል ቆየች። ሊያ አጠገቤ ተቀምጣ ዳቦ ቆሎ ትቆረጥማለች። ይህች ልጅ አባቷ በአማርኛ ሲያናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ለእኔ ስትል ግን ሁለቱን ትቀላቅላለች።

«ማሚ ቬኬሽን ነበራት» አለችኝ። «ቱዴይ ሆቴል መሄድ ነበረባት። ካንስል አደረገችው።»

«ለምን?»

«ቢኮዝ አንቺ መጣሽ።»

እንግዶቹ እንደወጡ ዮናስን ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድ ተከተልኩት።

«ይህን ሳምንት ለራሷ ይዛው ነበር?»

«ቲኬትሽን ቡክ ሳደርግ ቀኑን አላስተዋልኩም፣ እትዬ።»

«ካስተዋልክ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ምን ልበልሽ? ሳምንት ቆይተሽ ነዪ? እንግዳ አትምጣ ይባላል?»

«ለእሷስ ቀድመህ አትነግራትም?»

«ልነግራት ስል መጣሽ።»

ቲኬቱን ከገዛው ሦስት ወር ሆኖታል። ይህ ልጅ ካርዱ ላይ ዝቅ ያለ ነጥብ ሲያመጣም ልክ እንደዚህ ነበር።

«ደግሞ ሆቴሉ ሩቅ ቢሆን እኮ እሺ» አለ የቆሻሻውን ከረጢት እንደያዘ። «ሴንት ፖል ነው! ከዚህ ሃያ አምስት ደቂቃ ድራይቭ አድርገሽ! ለብቻዋ! የቸርች ሰው ቢያያት ተጣልተው ወጥታለች ነው የሚለው።»

እውነቱን ልናገርና፣ እኔም በልቤ ከዮናስ ጋር ነበርኩ። የእኔ ከተማ የስልጠናና የስብሰባ ከተማ ናት፤ ሆቴል የሚያድር ሰው አበል ያለው ሰው ነው። ቤት እያላት፣ አልጋ እያላት፣ ያውም እዚያው ከተማ ውስጥ ሆቴል የምትገባ ሴት ምን ጎድሏት ነው? ይህን እያሰብኩ ተኛሁ።

ሰኞ

ማርቫ፣ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ ወደሚኖሩት አክስቷ ዘንድ ወሰደችኝ። አንቲ ጆይስ ይባላሉ። ማርቫ በአሥራ አራት ዓመቷ ከግሬናዳ ስትመጣ ተቀብለው ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው። አጠር ብለው ወፈር ያሉ፣ ሲናገሩ የሚዘፍኑ የሚመስሉ ሴትዮ ናቸው። በሳሎናቸው መሃል እስከ ደረቴ የሚደርስ ትልቅ በርሜል ቆሟል። ሳሙና፣ ዘይት፣ ሩዝ፣ የልጆች ጫማ ቀስ በቀስ ይሞሉትና በመርከብ ወደ ደሴታቸው ይልኩታል፤ ከዚያ ሰው ይከተላል። የእኔ ሁለት ሻንጣ በዚያ በርሜል አጠገብ የተማሪ ቦርሳ ነው።

«ዕረፍት ሲደርስ አገር ቤት ነው» አሉኝ በርሜሉን መታ መታ እያደረጉ። «በርሜሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ እኛ እንከተላለን። ሌላ ቦታማ ማን አለን?» እኅቴ አሰላ ሆና የምትለው ቃል በቃል ይህንኑ ስለሆነ ሴትዮዋን ወዲያው ወደድኳቸው።

ከዚያ ሻይ እየቀዱ፣ «ምስኪን ልጄ፣ ሥራ በዝቶባት እያለ ለአንቺ ጊዜ አገኘች» አሉ።

ዝም ብዬ ሻዬን ብጠጣ ምን ነበረበት! እኛ ግን ሰው ሲያመሰግኑልን ጥፋቱን ወደ ራሳችን ካልሳብን ጨዋ የሆንን አይመስለንም። «ኧረ እኔ ነኝ የበደልኳት» አልኩ። «በእኔ ምክንያት ሆቴሏ ቀረባት።»

ማርቫ ዓይኗን ጨፈነች።

«የምን ሆቴል?» አሉ አንቲ ጆይስ።

ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ለእኔ ሥራ ላይ ነኝ አልሽኝ። እኔ አልጋ አልነበረኝም? እናትሽ አልጋ የላትም?» ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ጓዳ ገቡ። ስንወጣ ግን ኬክ በላስቲክ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ማርቫን ሳያዩ።

መኪና ውስጥ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ማርቫ ብዙ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው የተናገረችው። ቀስ ብላ ትናገርልኝ ስለነበር ሁሉንም ተረዳሁ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዕረፍቴን ግሬናዳ ነው የጨረስኩት። ሥራ ቦታ ‹ታድለሽ፣ ባሕር ዳር ልትተኚ› ይሉኛል። ባሕሩን የማየው ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ዐምና የእናቴን ጣሪያ አስጠገንኩ፣ ሁለት ቀብር ቆምኩ፣ አንድ ሰርግ ላይ ሳህን አጠብኩ። የሥራ ጓደኞቼ ከሐይቅ አፍንጫቸው ቀልቶ ይመለሳሉ፣ እኔ ወገቤን ይዤ። እወዳቸዋለሁ እኮ። ግን አንድ ጊዜ ማንም ‹ማርቫ› ብሎ የማይጠራኝ ቦታ መሆን ፈለግኩ።»

«ታዲያ ሩቅ አትሄጂም?»

«ሩቅ ብሄድ ወሬው ይደርሳል። ‹ለሽርሽር አላት፣ ለእኛ የላትም› ይላሉ። ሴንት ፖል ብሆን ግን ማን ይጠረጥረኛል?» ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «አሁን ግን አልሄድም። አንቲ አዝናብኝ፣ ዮናስ አፍሮብኝ ምን ዓይነት ዕረፍት ነው?»

ላንጋኖ ለአዳማ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ስንት ትውልድ ተማሪ በካርታ አሳይቻለሁ። እግሬን ነክሬበት ግን አላውቅም። ይህን ስነግራት መኪናውን እየነዳች ዘወር ብላ አየችኝ። በጣም አዘንኩ፤ ለእሷ ይሁን ለራሴ አልለየሁትም።

ማክሰኞ

ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበርኩ። መምህር ሲቀር ሌላው ክፍል ይገባል እንጂ ክፍል አይዘጋም። ጠዋት ዮናስን ሥራ ሳይሄድ ያዝኩት።

«የሚያስፈራህ እንግዳ ጥላ ሄደች መባሉ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዳዋ ራሷ ብትሄድስ? አንቲ ጆይስ ዘንድ ልሰነብት ነው። ሊያንም እወስዳለሁ። የሚስትህን አሳዳጊ ቤት ሳላድር አገሬ ብመለስ ነው ነውሩ።»

አሰበ፣ አንገቱን አከከ። «ሰው ቢጠይቀኝስ?»

«እንግዳዬን አማቶቼ ወሰዱብኝ በላቸው። ይቀኑብሃል።»

ለአንቲ ጆይስ በስልክ ሊያ አስተረጎመችልኝ። የማርቫን ነገር አላነሣሁም፤ ልመጣብዎት ነው ብቻ አልኩ። የጠየቁት ዓሣ እበላ እንደሆነ ብቻ ነው። የተከፋ ሰው በራፉ ላይ እንግዳ ሲመጣበት መኮሳተር አይችልም፤ ይህ በአዳማም በግሬናዳም አንድ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ማርቫ ወደ ሆቴሉ ደወለች፤ እስከ ቅዳሜ አራት ሌሊት የሚሆን ክፍል ነበራቸው። እኔንና ሊያን ሆፕኪንስ ስታደርሰን ባርኔጣዋ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንቲ ጆይስ በር ላይ ወጥተው ሻንጣዬን ተቀበሉ፤ እሷን ግን ከሩቅ ነው ያዩአት። ማርቫ እጇን አውለበለበች። መልስ አላገኘችም፣ ቢሆንም ሄደች።

ረቡዕ

ማክሰኞ ማታ አንቲ ጆይስ አልጋቸውን ለእኔ ለቀው ሶፋ ላይ ሊተኙ ተነሡ። እኔ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩበት። እርሳቸው ትራሱን ነጠቁኝ። በመጨረሻ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ጠዋት ስነሣ ወገባቸውን ይዘው ዓሣ ሲጠብሱ አገኘኋቸውና ቁርሱ በሐፍረት ነው የወረደልኝ። አገሬን አልናፈቅኩም፤ ምኑ ይናፈቃል፣ ቤቱ ያው የእኛ ቤት ነው።

ቀኑን በርሜል ስንሞላ ዋልን። የጫማ ውስጥ ባዶ ቦታ ሳሙና እንደሚይዝ አሳየኋቸው፣ አደነቁኝ። መሃል መሃል ላይ ግን ስልካቸውን ያያሉ።

«ቁርስ በልታ ይሆን?»

«ሆቴሉ ያበላታል።»

«የሆቴል ምግብ ምግብ ነው? ልደውልላት?»

«አይደወልም!» አልኩ። ዮናስም በምሳ ሰዓት ደውሎ «እስኪ ሄጄ አይቻት ልምጣ?» አለ፤ እሱንም መለስኩት። እንደ ትምህርት ቤት ዘበኛ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ ማለት ይቻላል።

ሐሙስ

ሐሙስ ግን አቃተኝ። አንቲ ጆይስ ጠዋት ተነሥተው አረንጓዴ ሙዝ፣ ጎመንና በጨው የተዘፈዘፈ ሥጋ በኮኮናት ወተት ሠሩ፤ የአገራቸው ዋና ምግብ ነው፣ ማርቫ ከልጅነቷ የምትወደው። «ለእንግዳ መቀበያው ሰጥቼ እመለሳለሁ፣ ፊቷንም አላይ» አሉ። የሆቴሉን ስም ከሊያ አውጥተዋል። ድስት ይዛ የመጣች እናት እንዴት ትከለከላለች? ሦስታችን በአሮጌዋ መኪናቸው ተነሣን። ድስቱ በፎጣ ተጠቅልሎ እግሮቼ መካከል ነው፤ ቀይ መብራት ባስቆመን ቁጥር መረቁ ከሦስቱ ቀሚሶቼ በአንዱ ላይ ይፈሳል።

ሆቴሉ ከሚሲሲፒ ወንዝ ፊት ለፊት ነው። መኪናውን አቁመን ልንወርድ ስንል ሊያ «ማ—» ብላ ጀመረች። አፏን በእጄ ያዝኩት።

ከመንገዱ ማዶ፣ ወንዙ ዳር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ማርቫ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ ዘርግታለች። ከወረቀት ከረጢት ቼሪ የሚሉትን ቀይ ፍሬ እያወጣች ትበላለች፣ ዘሩን ወደ ሣሩ ትተፋለች። ስልክ የለ፣ መጽሐፍ የለ። አንድ ጀልባ ሲያልፍ ለማታውቃቸው ሰዎች ባርኔጣዋን አነሣችላቸው። ሰዎቹም እጃቸውን አነሡ። ሌላ ቼሪ አወጣች።

አንቲ ጆይስ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ። ረጅም ጊዜ አየኋቸው፤ እርሳቸው ደግሞ እሷን ያያሉ።

«እንዲህ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ከትምህርት ቤት ስትመጣ ‹ተነሺ› እላት ነበር። ሳህን አለ፣ ልብስ አለ፣ የሰው ልጅ የምንጠብቅበት ጊዜም ነበር። ያኔ እኔም ሁለት ሥራ ነበረብኝ። ሁልጊዜ ‹ማርቫ፣ ተነሺ›። እሷም ትነሣለች፣ አንድ ቀን እንኳን እምቢ አላለችኝም።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ድስቱን አቀፍኩት።

የመኪናውን ሞተር አስነሡና አዞሩት።

ምግቡን መንገድ ላይ አንድ መናፈሻ አቁመን በላነው። ማንኪያ አልያዝንም። በእጅ መብላት ላይ ደግሞ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሙዙን በጎመን ጠቅልዬ ለሁለቱም አጎረስኳቸው። አንቲ ጆይስ ይህን ነገር ለማርቫ እንዳንናገር አስማሉን። ሊያ እስከ ዛሬ ጠብቃለች። ማርቫ አማርኛ ስለማታነብ እኔ እዚህ ብጽፈው ችግር የለም፤ ዮናስ ብቻ አፉን ይያዝ።

ቅዳሜ

ዓርብ ዝናብ ዘነበ፤ በርሜሉን ዘጋነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማርቫ እኛን ልትወስድ መጣች፤ ዮናስም ከሥራው በቀጥታ መጥቶ ቀድሟት ነበር። አፍንጫዋ ላይ ቆዳዋ ትንሽ ተልጧል። በሩ ላይ ቆማ የሚመጣባትን ቁጣ ስትጠብቅ ትከሻዋ ከፍ ብሏል። «አንቲ፣ እኔ...» አለችና ተወችው። ወዲያው ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ካለው የሻይ ኩባያና ሳህን ላይ አረፈ። እንደ ልማዷ ልታነሣው ጎንበስ አለች።

«ቁጭ በይ» አሉ አንቲ ጆይስ።

«ኩባያውን ላንሣ ብዬ ነው...»

«ማርቫ፣ ቁጭ በይ።»

ኩባያዎቹን ከእጇ ወስደው እያንቋቁ ወደ ጓዳ ገቡ። እኔም ሳህኖቹን ይዤ ተከተልኳቸው። ዘወር ስል ማርቫ መጀመሪያ ባሏን፣ ቀጥሎ ልጇን አየች፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።